ሄሞፊሊያ፦ ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ሲጎድል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)





በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ ደም መናገር ከሙያው ድንበር መውጣት መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ፈሳሽን በቧንቧ ማመላለስ፣ ቧንቧው በተሰነጠቀ ጊዜም ፍሳሹን ማቆም የመሐንዲስ የዘወትር ሥራ ነው። የሰው አካል ይህንኑ ሥራ ከየትኛውም የውሃ መሥመር በላቀ ብልሃት ያከናውነዋል። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ሌት ከቀን ሳያቋርጥ ይዘዋወራል። ይህ ደም በደም ሥር ውስጥ እስካለ ድረስ መርጋት የለበትም፤ ከረጋ የልብን ወይም የአንጎልን መተላለፊያ ዘግቶ ይገድላል። የደም ሥር በተቆረጠ ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ያውም በተቆረጠበት ቦታ ላይ ብቻ፣ መርጋት አለበት። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች በአንድ ጊዜ የሚፈጽም ፈሳሽ እስከ ዛሬ በሰው እጅ አልተሠራም።

ከዚህ ድንቅ ሥርዓት አንድ ክፍል ብቻ ሲጎድል የሚከተለው ሕመም ሄሞፊሊያ ይባላል። ሕመሙ በዘር የሚወረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከምግብም ከአየርም አይመጣም። በዓለም ላይ በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል። በሁለት ዓይነት የሚከፈል ሲሆን፣ ሄሞፊሊያ ኤ የተባለው ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ያህል፣ ሄሞፊሊያ ቢ የተባለው ደግሞ ከ30,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ያህል ይከሠታል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሕመሙ እርግማን ወይም የማንም ሰው ጥፋት ሳይሆን ምክንያቱ የታወቀ፣ የሚጓዝበትም መንገድ በቁጥር የሚሰላ ጉድለት መሆኑን ማስረዳት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ጉድለት ደግሞ ሊጠበቁትና ሊጠግኑት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደም እንዴት ይቆማል?

የደም ሥር ሲቆረጥ ሦስት ነገሮች በተከታታይ ይፈጸማሉ። በመጀመሪያ የደም ሥሩ ራሱ ይጨመታል፤ በዚህም የፍሳሹ መጠን ይቀንሳል። ቀጥሎ ፕሌትሌት የተባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት በቁስሉ አፍ ላይ ተጣብቀው ጊዜያዊ ውታፍ ይሆናሉ። በመጨረሻም ፋይብሪን የተባለ ክር መሰል ፕሮቲን በውታፉ ላይ እንደ መረብ ተጠላልፎ ያጸናዋል። ለትንሽ ጭረት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ለጥልቅ ቁስል ግን ያለ መረቡ ውታፉ አይጸናም፤ ከሰዓታት በኋላ ተነቃቅሎ ደሙ እንደገና ይፈሳል።

መረቡ እንዴት እንደሚሠራ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ወገን ተገለጸ። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሮበርት ማክፋርሌን፣ በአሜሪካ ደግሞ አርል ዴቪና ኦስካር ራትኖፍ፣ ደም የሚረጋው በደረጃ በሚወርድ ተከታታይ ሥራ መሆኑን ጻፉ። በፕላዝማ ውስጥ፣ ማለትም በደሙ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ፈትተው የሚዘዋወሩ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ሲነቃ ቀጥሎ ያለውን ያነቃል፤ እሱም የሚቀጥለውን። የአንዱ ጥቂት ቅንጣት የሚቀጥለውን በብዙ እጥፍ ስለሚያነቃ፣ ትንሽ ሪሌ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ማብሪያ እንደሚያንቀሳቅስ ሁሉ፣ ከኢምንት ምልክት ተነሥቶ ጠንካራ መረብ ይደርሳል። በኋላ የተደረገው ምርምር ይህ ሥራ በአብዛኛው በፕሌትሌቶች ገጽ ላይ እንደሚፈጸም፣ ቅርንጫፎቹም በመጀመሪያ ከታሰበው በላይ የተሳሰሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ዋናው ሐሳብ ግን እንደ ጸና ነው።

ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 በዚህ ሰንሰለት መካከል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሥራውን የሚሠራው ፋክተር 9 ነው፤ ይሁን እንጂ ያለ ፋክተር 8 እርዳታ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ምንም ያህል አይጠቅምም። ፋክተር 8 ሲጎድል ሕመሙ ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሁለቱ በመልክ የማይለያዩት ስለዚህ ነው፤ ከሁለት ጥንድ ሠራተኞች የትኛውም ቢቀር ሥራው ይቆማልና።

ከዚህ አንድ ስሕተት ይታረማል። ብዙ ሰው የሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ጣቱን መርፌ ቢወጋው ደሙ ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የሕመምተኛው ደም ከሌላው ሰው ደም ይበልጥ አይፈጥንም፤ የሚፈሰው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራውም ከውጭ የሚታየው ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ደም በጉልበት፣ በክርንና በቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ያሳብጣል፤ ደጋግሞ ሲፈስ ልም አጥንቱን እየበላ መገጣጠሚያውን ያደርቃል። ሕክምና ያላገኘ ልጅ ወጣት ሳይሆን የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ደግሞ ሕይወትን ወዲያው አደጋ ላይ ይጥላል።

የሕመሙ ክብደት በጉድለቱ መጠን ይለካል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የፋክተሩ መጠን ከ50 እስከ 150 በመቶ ነው። ከ5 እስከ 40 በመቶ ያለው ሰው ቀላል ሕመምተኛ ይባላል፤ ሕመሙንም ጥርሱን እስኪያስነቅል ወይም እስኪቆስል ድረስ ላያውቀው ይችላል። ከ1 እስከ 5 በመቶ ያለው መካከለኛ ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆነው ግን ከባድ ሕመምተኛ ሲሆን፣ ምንም ሳይመታ እንኳ ደም በመገጣጠሚያው ውስጥ ይፈስበታል።

ጉድለቱ የሚወረስበት መንገድ

ፋክተር 8ንም ሆነ ፋክተር 9ን ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ የተጻፈው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ብቻ አለው። የሴቲቱ አንዱ መመሪያ ቢበላሽ ሁለተኛው እንደ መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላታል። ወንዱ መጠባበቂያ ስለሌለው ያለው አንዱ መመሪያ ከተበላሸ ሕመምተኛ ይሆናል። አንድ የተበላሸ መመሪያ ያላት ሴት ተሸካሚ ትባላለች።

ከዚህ ሦስት ሕግጋት ይገኛሉ። አንደኛ፣ ተሸካሚ የሆነች እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ የመታመሙ ዕድል ከሁለት አንድ ነው፤ ከምትወልዳቸው ሴቶችም እያንዳንዷ ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛ የሆነ አባት ለወንዶች ልጆቹ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞዞሙን ስለሆነ ሕመሙን አያወርሳቸውም። ሦስተኛ፣ ለሴቶች ልጆቹ የሚሰጠው ያለውን አንዱን ኤክስ ስለሆነ ሁሉም ያለ ልዩነት ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ሕመሙ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በሴት ልጅ በኩል ተሻግሮ ይታያል።

«ከሁለት አንድ» የሚለው ዕድል በየልደቱ እንደ አዲስ የሚጀምር ነው። ሳንቲም ቀድሞ የወደቀበትን ገጽ እንደማያስታውስ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ልጅ ጤነኛ መሆኑ ሁለተኛውን አይጠብቀውም፤ የመጀመሪያው መታመሙም ሁለተኛውን አይኰንነውም። አራት ወንዶች ወልዳ አራቱም ጤነኞች የሆኑላት ተሸካሚ እናት ልትኖር ትችላለች፤ የዚህም ዕድል ከ16 አንድ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ከሕመምተኞቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ ከዚህ በፊት ሕመሙ ታይቶ የማያውቅ ነው። በእነዚህ ላይ ጉድለቱ የመጣው መመሪያው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ በደረሰ አዲስ ስሕተት ነው። ስለዚህ «በዘራችን የለም» ብሎ ሕመሙ ሊሆን አይችልም ማለት አይገባም። የተሸካሚዎቹም ጤንነት መረሳት የለበትም። አንዳንዶቹ የፋክተራቸው መጠን ዝቅ ያለ ስለሚሆን የወር አበባቸው ይበዛል፤ በወሊድ ጊዜም ደማቸው ከመጠን በላይ ሊፈስ ይችላል።

በብዙ አገሮች እናቲቱ «ልጆቿን የምትጨርስ» ተብላ ስትወቀስ ኖራለች። የዘር ሕግ ሲመረመር ግን ወቀሳው መሠረት እንደሌለው ይታያል። የትኛውን ክሮሞዞም እንደምታወርስ የመረጠች እናት የለችም፤ ስሕተቱንም ለእርሷ ያወረሳት አባቷ ሊሆን ይችላል።

የጥንት ሰዎች ምስክርነት

ክሮሞዞም የሚባል ነገር ከመታወቁ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሰዎች የሕመሙን መንገድ በአስተውሎት ብቻ ደርሰውበት ነበር። በአይሁድ ታልሙድ ውስጥ ስለ ግዝረት የተነገረ ድንጋጌ አለ። ሁለት ልጆቿ በግዝረት ምክንያት የሞቱባት እናት ሦስተኛውን እንዳታስገርዝ ይፈቅዳል። ከዚሁ ጋር በሴፎሪስ ከተማ ይኖሩ ስለነበሩ አራት እኅትማማቾች ተጽፏል። የመጀመሪያዋ ልጅ ተገርዞ ሞተ፤ የሁለተኛዋም ሞተ፤ የሦስተኛዋም ሞተ። አራተኛዋ ወደ ረባን ስምዖን ወልደ ገማልያል ቀርባ በጠየቀች ጊዜ እንዳታስገርዝ ነገሯት። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ ዕውቀት አለ፤ አደጋው በእናቶች መሥመር፣ ከእኅት ወደ እኅት ልጆች እንደሚሄድ ተስተውሏልና።

በእንዳሉስ ይኖር የነበረው ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አል ዘህራዊ በአንድ መንደር ወንዶች ከቀላል ቁስል በኋላ ደማቸው ሳይቆም እንደሚሞቱ ጽፏል። በ1803 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ጆን ኮንራድ ኦቶ የተባለ ሐኪም የአንድ ቤተሰብ ትውልድ መርምሮ፣ የሚታመሙት ወንዶች ብቻ መሆናቸውን፣ ሕመሙን የሚያሻግሩት ግን ራሳቸው የማይታመሙ ሴቶች መሆናቸውን አስታወቀ። እነዚህ ሰዎች ምክንያቱን አላወቁም፤ ነገር ግን የሆነውን በትክክል መዝግበዋል። ኋላ ምክንያቱ ሲታወቅ መዝገባቸው ሳይሻር መጽናቱ የጥንቃቄያቸው ማረጋገጫ ነው።

የአንድ ንጉሣዊ ቤት ታሪክ

የሕመሙ መንገድ ጎልቶ የታየው በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘር ላይ ነው። ከንግሥቲቱ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ የታወቀ ሕመምተኛ ስለሌለ፣ ስሕተቱ አዲስ ሆኖ ከእርሷ ወይም ከወላጆቿ እንደ ጀመረ ይገመታል። በ1853 ዓ.ም. የተወለደው ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ ሕመምተኛ ነበር፤ በ1884 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ወድቆ በደረሰበት ጉዳት በ30 ዓመቱ ሞተ። ሴት ልጁ አሊስ በሕጉ መሠረት ተሸካሚ ሆነች፤ የእርሷም ልጅ ሩፐርት በ1928 ዓ.ም. ከመኪና አደጋ በኋላ አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከወለደቻቸው ሴቶች ልጆች ሁለቱ፣ አሊስና ቢያትሪስ፣ ተሸካሚዎች ነበሩ። በቢያትሪስ ልጅ በኩል ሕመሙ ወደ እስፓኝ ቤተ መንግሥት ገባ። በአሊስ ልጅ በአሌክሳንድራ በኩል ደግሞ ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ገብቶ በ1904 ዓ.ም. የተወለደውን አልጋ ወራሽ አሌክሴይን ያዘ።

የልጁ ሥቃይ እናቱን ወደ ራስፑቲን እንዳስጠጋት፣ ይህም የዙፋኑን ክብር እንዳጐደፈ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ሀብት፣ ሐኪምና መድኃኒት አልጐደለውም ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት ነበር። የጎደለው ምን እንደሆነ ባልታወቀበት ዘመን የንጉሥ ልጅና የገበሬ ልጅ በዚህ ሕመም ፊት እኩል ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ሳይንቲስቶች የቤተሰቡን አፅም መርምረው ሕመሙ ሄሞፊሊያ ቢ እንደ ነበረ፣ ምክንያቱም በፋክተር 9 መመሪያ ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ መሆኑን አረጋገጡ። አንዲት ፊደል ሦስት አብያተ መንግሥትን አስለቅሳለች።

የጎደለውን መተካት

በ1840 ዓ.ም. በለንደን ሳሙኤል ሌን የተባለ ሐኪም ደሙ አልቆም ላለው አንድ ልጅ የሌላ ሰው ደም ሰጥቶ አዳነው። የጎደለው ነገር በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ መኖሩ በዚህ ተገለጸ። በ1947 ዓ.ም. በቡዌኖስ አይሬስ አልፍሬዶ ፓቭሎቭስኪ የአንድ ሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ደም የሌላውን ሕመምተኛ ደም ሲያረጋ እንደታየ አስታወቀ። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ሐኪሞች ሁለተኛውን ዓይነት ለይተው፣ በመጀመሪያ በተመረመረው በ5 ዓመቱ ልጅ በስቲቨን ክሪስማስ ስም የክሪስማስ በሽታ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ሄሞፊሊያ ቢ የሚባለው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የጎደለውን ማወቅና ማሟላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሌቱ ይህን ያስረዳል። በ1 ሚሊ ሊትር ጤነኛ ፕላዝማ ውስጥ ያለው ፋክተር 1 ዩኒት ይባላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1 ዩኒት ፋክተር 8 ቢሰጥ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በ2 በመቶ ይጨምራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ከባድ ሕመምተኛ ራሱን ተመትቶ መጠኑን ወደ 100 በመቶ ማድረስ ቢያስፈልግ 3,000 ዩኒት፣ ማለትም 3 ሊትር ፕላዝማ ይጠይቃል። የሰውየው የራሱ ፕላዝማ ግን በሙሉ 2 ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የተሰጠው ፋክተር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ እንደገና መስጠት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ፈሳሽ ልብ አይሸከመውም።

መፍትሔው በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከምትሠራ ጁዲት ግራሃም ፑል ከተባለች ተመራማሪ መጣ። ወደ በረዶነት የተለወጠ ፕላዝማ በቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ሲሟሟ ከታች የሚቀረው ዝቃጭ አብዛኛውን ፋክተር 8 ይዞ እንደሚገኝ አስተዋለች። ይህ ዝቃጭ ክራዮፕሪሲፒቴት ይባላል። ዘዴው የረቀቀ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ማቀዝቀዣ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና ጥንቃቄ ያለው ማንኛውም የደም ባንክ ሊሠራው ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ በብልቃጥ የታሸገ ደረቅ የፋክተር ዱቄት በፋብሪካ መሥራት ተጀመረ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በቤቱ ማቀዝቀዣ አስቀምጦ ራሱ መውሰድ ቻለ።

በስዊድን በማልሜ ከተማ የነበረችው ሐኪም ኢንጋ ማሪ ኒልሶን ከዚህ አስቀድማ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሌላ መንገድ ጀምራ ነበር። መካከለኛ ሕመምተኞች መገጣጠሚያቸው እንደማይበላሽ አይታ፣ ለከባድ ሕመምተኞች ደም እስኪፈሳቸው ሳይጠበቅ አስቀድሞ በየጊዜው ጥቂት ፋክተር ቢሰጥ መጠኑ ከ1 በመቶ በላይ ሆኖ ይቆያል የሚል ነበር ሐሳቧ። ትክክል ሆና ተገኘች። መኪና እስኪሰበር ከመጠበቅ በየጊዜው መመርመርና ዘይት መለወጥ እንደሚሻል ለመሐንዲስ አይነገርም።

በአንድ ማሰሮ የተጠራቀመ አደጋ

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ማንኛውም መሐንዲስ ሊያጠናው የሚገባ ብርቱ ትምህርት ነው። የፋክተሩ ዱቄት የሚሠራው የብዙ ሺህ ለጋሾችን ፕላዝማ በአንድ ላይ በመቀላቀል ነበር። በምሳሌ ለማስረዳት ከ1,000 ለጋሾች አንዱ በደሙ ውስጥ ቫይረስ አለበት እንበል። ከ10 ለጋሾች የተሠራ ክራዮፕሪሲፒቴት የመበከል ዕድሉ ከመቶ አንድ ያህል ነው። ከ5,000 ለጋሾች የተቀላቀለ ዱቄት ግን የመበከል ዕድሉ ከመቶ 99 ይበልጣል። ብልቃጡ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ አደጋው ግን በአንድ ማሰሮ ውስጥ ተጠራቅሟል።

በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የሄሞፊሊያ ሕመምተኞች በኤይድስ መያዛቸው ተመዘገበ። መድኃኒቱን በሙቀት አክሞ ቫይረሱን የመግደል ዘዴ በሰፊው ሥራ ላይ እስከዋለበት እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በቫይረሱ ተያዙ። ጉበትን የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቫይረስም በብዛት ተሠራጨ። በብሪታንያ 1,250 ያህል የደም መፍሰስ ሕመምተኞች በኤች አይ ቪ ተይዘዋል፤ ከእነዚህም መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው አገር ጉዳዩን የመረመረው ይፋዊ አጣሪ በግንቦት ወር 2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከጥፋቱ አብዛኛው ሊወገድ ይችል እንደ ነበረ ገልጿል። ሕመሙ በስሙ የተጠራው ስቲቨን ክሪስማስም በተሰጠው ደም ምክንያት በኤይድስ ተይዞ በ1993 ዓ.ም. አረፈ።

ትምህርቱ ምንድር ነው? አንድን ሥራ ምቹና ርካሽ የሚያደርግ ዘዴ አደጋውን ከብዙ ቦታ ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ሊያመጣው ይችላል። የዕቃው ጥራት የሚጠበቀው በመጨረሻው ብልቃጥ ላይ ብቻ ሳይሆን ከምንጩ ጀምሮ ነው። ማስጠንቀቂያ በተሰማ ጊዜም «እስኪረጋገጥ ይቆይ» ማለት ራሱ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት ውሳኔው ላይ ያልተገኙ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ያለው ሕክምና

የፋክተር 8 መመሪያ በ1984 ዓ.ም. ተለይቶ ታወቀ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ሰው ደም በሕዋሳት አማካይነት በፋብሪካ የተሠራ ፋክተር 8 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሆኖም ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ከሦስት አንድ በሚጠጉት ላይ አካላቸው የተሰጠውን ፋክተር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። በ2017 ዓ.ም. የተፈቀደው ኤሚሲዙማብ ለእነዚህም መፍትሔ ሆኗል። ይህ መድኃኒት ፋክተር 8 ራሱ አይደለም፤ ፋክተር 9ንና ፋክተር 10ን በሁለት እጁ ይዞ በማቀራረብ የፋክተር 8ን ሥራ ይሠራል። ቀለበቱ ቢጠፋ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ እንደ ማሰር ማለት ነው። በየሳምንቱ፣ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ስለሚሰጥ የደም ሥር መፈለግ አያስፈልግም።

በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሄሞፊሊያ ቢ የተፈቀደው የጂን ሕክምና ትክክለኛውን መመሪያ ወደ ጉበት ሕዋሳት ያስገባል። ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን በተፈቀደበት በ2022 ዓ.ም. የተተመነለት ዋጋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ዛሬ በሕመምተኞች መካከል ልዩነት የሚያመጣው የዕውቀት ማጣት ሳይሆን የአቅርቦት ማጣት ነው። ራሱ ሕመምተኛ የነበረው ፍራንክ ሽናቤል በ1963 ዓ.ም. የመሠረተው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ይህን ልዩነት ለማጥበብ የልገሳ መድኃኒት ለተቸገሩ አገሮች ይልካል። የሽናቤል የልደት ቀን፣ ሚያዝያ 17 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ሆኖ ይከበራል።

በኢትዮጵያ ሊታሰብበት የሚገባ

በኢትዮጵያ ግዝረት በክርስቲያኑም፣ በሙስሊሙም፣ በቤተ እስራኤልም ዘንድ የጸና ልማድ ነው፤ ብዙ ሕፃናት የሚገረዙት በተወለዱ በ8ኛው ቀን ነው። ለሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ሕፃን የመጀመሪያው ፈተና ይህ ቀን ሊሆን ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ የሕፃንን ድድ መብጣትም እንዲሁ አደጋ አላቸው። ልማዱን ሳይነቅፉ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፦ በእናቲቱ ወንድሞች፣ በአጎቶቿ ወይም በእኅቶቿ ልጆች ላይ ደም አልቆም ያለው ወይም ተገርዞ የሞተ ሰው አለ ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሕፃኑ በሐኪም እስኪመረመር ድረስ ምላጭ ሊነካው አይገባም። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የታልሙድ ሊቃውንት ያለ ቤተ ሙከራ ጠይቀውታል።

ምርመራውም ቢሆን የማይደረስበት አይደለም። ደሙ እስኪረጋ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል፤ ከረዘመ በእኩል መጠን ከጤነኛ ፕላዝማ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ይለካል። ከተስተካከለ የጎደለ ነገር እንዳለ ይታወቃል፤ ካልተስተካከለ የሚቃወም ነገር አለ። አጠራጣሪውን ዕቃ በደኅና ዕቃ ለውጦ ሞተሩን እንደ መፈተን ያለ ነው። ደም ለሚፈሰው ሕመምተኛም መድኃኒት እስኪደርስ ማሳረፍ፣ በበረዶ ማቀዝቀዝና ማሰር ይጠቅማል። አስፕሪን የፕሌትሌቶችን ሥራ ስለሚያደናቅፍ ሊሰጠው አይገባም፤ በጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም መከልከል አለበት።

የመሐንዲስ ድርሻ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕላዝማ ከተወሰደ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ በረዶነት ተለውጦ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ቦታ መቀመጥ አለበት። የፋክተር ብልቃጦች በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይጠበቃሉ። መብራት በሌሊት ጠፍቶ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ፣ የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ተበላሽቶ ማንም ካላየው፣ ከሩቅ አገር በብዙ ወጪ የመጣ መድኃኒት ጠዋት ላይ ዋጋ የሌለው ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። የኤሌክትሪክ መሥመሩን አስተማማኝነት፣ የማቀዝቀዣውን ጥገና፣ የሙቀቱን መዝገብ፣ የማጓጓዣውን ሣጥን የሚያዘጋጀው ሐኪሙ አይደለም። የሕክምናው ሰንሰለትም እንደ ደሙ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሲጎድል የቀሩት ሁሉ ቢኖሩም ሥራው ይቆማል።

እንግዲህ ሄሞፊሊያን መረዳት ማለት ሁለት ነገሮችን መረዳት ነው። አንደኛው፣ ሕመሙ በታወቀ ሕግ የሚሄድ በመሆኑ እናትን መውቀስም ልጅን መደበቅም እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፣ የጎደለው ነገር ታውቆ መተኪያው ስለተገኘ፣ የቀረው ሥራ መተኪያውን ሳይበላሽና ሳይበከል ለሚፈልገው ልጅ ማድረስ መሆኑ ነው። የማኅበሩ አባላት በየተመደቡበት ሆስፒታል፣ የደም ባንክና የኃይል ማመንጫ ይህን ሥራ እንደ ራሳቸው ሥራ ቢይዙት፣ ዛሬ በጉልበቱ እብጠት ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ነገ ከእኩዮቹ ጋር ቆሞ ይሄዳል።